ቃል ያፈረሰው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ

የደረሰን ደብዳቤ (አሳጥረነዋል)

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምሠራው ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ቢሯችን ተዘርፎ ፋይሉ ሁሉ ወለል ላይ ተበትኖ ነበር። ስንመለስ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ወረቀቱን እየለቀምን፣ አቧራውን እያራገፍን፣ በስም በስሙ እየለየን መዝገብ ቤቱን መልሰን አቆምነው። ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር እንገባ ነበር። የወቅቱ ኃላፊ በሠራተኛው ፊት ‹ይህን ውለታ አንረሳም፤ የደረጃ ዕድገት ሲወጣ ቅድሚያ የእናንተ ነው› አለን። ዕድገቱ ወጣ። የተሰጠው ያን ጊዜ እዚያ ላልነበረ ሰው ነው። ኃላፊውም ተዛውሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ቢሮ የምገባው ለፊርማ ነው። ጋሼ የምንለው አንድ ትልቅ ሰው አብሮን ይሠራል። በሁሉም ነገር ያሾፋል። ስብሰባ ሲጠራ ‹ደግሞ ምን ሊያስፈርሙን ነው?› ይላል፤ እኛም እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር የእሱ ቀልድ ባይኖር እስካሁን አልቆይም ነበር። ባለፈው ወር ግን አዲስ የተቀጠረ ልጅ፣ ገና ሦስት ወር ያልሞላው፣ ከኩታበር የመጡ አንዲት እናትን ‹ነገ ይምጡ› ሲላቸው ሰማሁ። ፋይላቸው እኮ አጠገቡ ነበር! ለምን ስለው ‹አንቺ ራስሽ ለማን ብዬ ትዪ የለ?› አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን አዲስ ኃላፊ መጥቷል። አዲስ የአሠራር ለውጥ ይዞ፣ እኔን የቡድን አስተባባሪ አድርጎኛል። እኔ ያላመንኩበትን ሌላውን እንዴት እመን እላለሁ? ያየሁትን አይቻለሁ። እውነቱን ማወቄ ነው ጥፋቴ? ወይስ ዝውውር ጠይቄ ልሂድ?»

ዘ.፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ ዘ.፣ አብሽሪ።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። እውነቱን ማወቅሽ ጥፋት አይደለም። ቃል ተገባልሽ፣ ቃሉ ታጠፈ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ምንም እንዳልሆነ ቢቀጥል ነበር እኔን የሚያሳስበኝ።

ቃሉም ተራ ቃል አልነበረም። ያኔ ደሴ ምን ትመስል እንደነበር የነበረ ያውቀዋል። ሰው የራሱን ቤት በርና መስኮት ሳይጠግን እናንተ የሰው ፋይል ስትለቅሙ ነበር። በየትኛው ወረቀት ላይ የማን ውርስ፣ የማን ጡረታ እንደተንጠለጠለ ማን ያውቃል? ማንም ሳያዝዛችሁ ቅዳሜና እሑድን ሰጣችሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ክህደት የሚያመው ለዚህ ነው። ዕድገቱን ብቻ አይደለም ያጣሽው። «እዚህ ቤት መልካም ሥራ ይቆጠራል» የሚለውን እምነት ነው ያጣሽው።

ይህን ስሜት ያጠኑ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝኛው ሲኒሲዝም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲን፣ ብራንድስና ዳርዋድካር የተባሉ ተመራማሪዎች በሦስት ከፍለው አስቀምጠውታል። አንደኛው እምነት ነው፦ መሥሪያ ቤቱ ሐቀኛ አይደለም ብሎ ማመን። ሁለተኛው ስሜት ነው፦ ንዴት፣ መጸየፍ፣ አንዳንዴም ሐፍረት። ሦስተኛው አንደበት ላይ የሚወጣው ነው፦ ሹፈቱ፣ ማንቋሸሹ፣ ስብሰባ ላይ በዓይን መጠቃቀሱ። ሦስቱም ደብዳቤሽ ውስጥ አሉ። እነሱ ያሉት ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ነገር የተወለድንበት ጠባይ ሳይሆን በደረሰብን ነገር የሚመጣ ዝንባሌ ነው። የመጣ ነገር ደግሞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «እኔ እንዲህ ያለች ሰው ሆኜ ቀረሁ» አትበይ።

ጋሼ ላይም ቶሎ አልፈርድም። በእሱ ዕድሜ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ለውጥ አሳልፏል? ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ። ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና) መጣ። ሠራተኛውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ። ከጃፓን የተቀዳው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ካይዘን መጣ። እያንዳንዱ ሲመጣ ሥልጠና ነበረው፣ ባነር ነበረው፣ የሚሞላ ቅጽ ነበረው። አንዳንዱ ቦታ የሠራም አለ፤ ሰልፍ ያሳጠረ፣ ዕቃ ቤት ያስተካከለ ቢሮ አይቻለሁ። በብዙ ቦታ ግን ኃላፊው ሲቀየር ለውጡም አብሮት ይሄዳል። ለምን እንደቀረ ለሠራተኛው የሚነግረው የለም። ራይከርስ፣ ዋነስና ኦስቲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ስለዚሁ ጽፈዋል። ለውጥ ላይ እምነት የሚያጣው በተለይ መረጃ ያልደረሰውና በውሳኔው ውስጥ ያልተሳተፈ ሠራተኛ ነው። አንዱ ለውጥ ከሽፎ ዝም ሲባል፣ ቀጣዩ ገና ሳይጀመር «ይሄም እንደዚያው» ይባላል። ጋሼ «ምን ሊያስፈርሙን ነው?» ያለው ከባዶ ተነስቶ አይደለም። ብዙ ፈርሟል።

አሁን ወደ ሥራሽ እንምጣ። የምታስቢው ሹፈቱ ሥራሽን እንደገደለው ነው መሰለኝ። እስቲ ይህን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጆንሰንና ኦሊሪ ኬሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የባንክ ሠራተኞችን አጥንተው አንድ ጥናት አሳትመዋል። ሥራን ያዳከመውና ሰውን ከሥራ ገበታ ያስቀረው በቀጥታ የፈረሰው ቃል ሆኖ አገኙት። መሥሪያ ቤቱን አለማመኑና ሹፈቱ በበኩላቸው የሠራተኛውን ስሜት ያበላሹታል፤ እርካታውን ይወስዳሉ፣ መንፈሱን ያዝላሉ። አንድ ጥናት ነው፤ ለሁሉም ቢሮ ሕግ አይሆንም። ግን ከአንቺ ታሪክ ጋር ይገጥምብኛል። ከሥራው ያራቀሽ የጋሼ ቀልድ አይደለም፤ የታጠፈው ቃል ነው። ስለዚህ ቀልዱን ብታቆሙ ብቻ አይድንም።

ይህን የሚያነብ ኃላፊ ካለ አንድ ነገር ልለምነው። ሠራተኛ ሲቀዘቅዝ «የአመለካከት ችግር ነው» አይባል። ይህች ቃል ስንት ሰው አስከፍታለች! ቁስሉ ሳይታይ የአመለካከት ሥልጠና ቢሰጥ፣ ሠራተኛው ሥልጠናውንም ከሚያሾፍባቸው ነገሮች ላይ ይጨምረዋል። መጀመሪያ «ምን ቃል ገብተንላችሁ ነበር? የቱን አልፈጸምንም?» ተብሎ ይጠየቅ።

እሺ፣ ቀልዱ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገርሽ ነው፤ አትቀየሚኝ። ለእናንተ ለቆሰላችሁት ቀልዱ ማስታገሻ ነው፤ ገብቶኛል። ያ ልጅ ግን ማንም ቃል ገብቶ አልከዳውም። ከወለል ላይ ወረቀት አልለቀመም። ዕድገት አልተነጠቀም። ታዲያ «ለማን ብዬ»ን ከየት አመጣው? ከእናንተ ነው የወረሰው። እናንተ ለዚህ ቃል ከፍላችሁበታል፤ እሱ በነጻ ወሰደው። ደግሞም የተጠቀመበት በበደላችሁ ኃላፊ ላይ አይደለም። ያ ኃላፊ ዛሬ ሌላ ከተማ ተቀምጧል፤ የአንቺ መቀዝቀዝ ጆሮው አይደርስም። የከፈሉት የኩታበሯ እናት ናቸው። ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ የትራንስፖርት ከፍለው፣ ቤታቸውን ለሰው አደራ ብለው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እሳቸው ለማንም ቃል አላጠፉም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ይመስለኛል። እንቅልፍ ማጣትሽን ደግሞ በመልካም አየዋለሁ፤ ሥራው አሁንም ይገድሻል ማለት ነው።

ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ብትሄጂ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ልጆች አሉ። ልብስ ስፌት ላይ ሥራ ሲበላሽ ቶሎ ይታያል። ጥራት ተቆጣጣሪው የተበላሸውን ለይቶ ይቆጥረዋል። ቢሮ ውስጥ ግን የሚቆጥር የለም። የባለጉዳዩ የባከነ ቀን የትም አይመዘገብም። በአፈጻጸም ምዘናው ሁሉም ሰው ተቀራራቢ ነጥብ ያገኛል። የሠራውም ያልሠራውም አንድ ላይ «ከፍተኛ» ይባላል። ስለዚህ የቢሮ መቀዝቀዝ ዓመታት ቢፈጅም ማንም ላያየው ይችላል።

ሰውም በአንድ ቀን አይቀዘቅዝም። መጀመሪያ ሁለተኛዋን ጥያቄ መጠየቅ ይተዋል። ባለጉዳዩ «ፋይሌ የለም አሉኝ» ሲለው «በአባትህ ስም ይሆን?» ብሎ አይፈልግም። ቀጥሎ ስህተት እያየ «ምን አገባኝ» ይላል። ቀጥሎ አዲስ ነገር መማር ያቆማል፤ ኮምፒውተሩን ለወጣቶቹ ይተዋል። በመጨረሻ ስብሰባ ላይ ዝም ይላል። ኃላፊው ዝምታውን እንደ ስምምነት ይወስደዋል፤ ችግሩን የሚነግረው ሰው ስለሌለ የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናል። ሠራተኛው ደግሞ ኮሪደር ላይ «አላልኳችሁም?» ይላል። ትንቢቱን ያስፈጸመው የራሱም ዝምታ መሆኑን አያይም። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ በየቢሮው ስንት አዋቂ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ጡረታ ይወጣል።

አንድ ነገር ከመምከሬ በፊት ራስሽን ጠይቂ። ደክሞሽ ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ሲተረጉም ሦስት ነገር ጠቅሷል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን በጥላቻና በጥርጣሬ ማየት፣ እና ውጤታማነት መቀነስ። ምንጩም ሥር የሰደደና መላ ያልተበጀለት የሥራ ጫና ነው ይላል። በሽታ ብሎ አልመደበውም። ከጦርነቱ በኋላ ያለ ዕረፍት ነው የቀጠላችሁት። እሑድ ማታ ነገ ሰኞ መሆኑን ስታስቢ ደረትሽ የሚከብድ ከሆነ፣ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድሽን ጠይቂና ውሰጂ። ሐይቅ ሂጂና ውኃ ዳር ተቀመጪ፤ ቤተሰብ ጠይቂ። የደከመች ሴት ቡድን አስተባብሪ ስትባል የሚወጣት ምሬት ብቻ ነው። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ከቀጠለ ደግሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነውር የለውም።

ከዚያ የቆየውን ሒሳብ ዝጊ። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ዕድገቱንም ላታስመልሺ ትችያለሽ። ግን አንድ ገጽ ጻፊ። የት፣ መቼ፣ ከእነማን ጋር ምን እንደሠራችሁ፣ ምን ቃል እንደተገባላችሁ። ስድብም ልመናም አይኑርበት። ለአዲሱ ኃላፊ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢና የሦስታችሁም ሥራ በማስረጃ ተጽፎ በግል ማኅደራችሁ እንዲያያዝ ጠይቂ። ሁለቱ ባልደረቦችሽም ይፈርሙበት። ነገ ሌላ ዕድገት ሲወጣ ያ ወረቀት ይናገራል። ያ ባይሆን እንኳ የሠራችሁት ነገር በአፍ ብቻ አይቀርም።

አስተባባሪነቱን ደግሞ በደፈናው «እሺ» ብለሽ አትቀበዪ። እንቢም አትበዪ። ኃላፊውን ለብቻው አግኚው። «ሠራተኛው ይህን ከዚህ በፊት ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ» በዪው። እንደማታምኚ አትደብቂው፤ ምክንያቱን ግን ንገሪው። ከዚያ የሚለወጠው ምንድን ነው፣ ማን ይወስናል፣ እርስዎ ሊያደርጉት የማይችሉትስ የቱ ነው ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለያት። «ይህን ማድረግ አልችልም» የሚል ኃላፊ፣ «ሁሉም ይስተካከላል» ከሚለው ይበልጥ ይታመናል። ከቻለ ደግሞ በሠራተኛው ፊት ራሱ ይናገር፦ ባለፈው ቃል ተገብቶ ነበር፤ አልተፈጸመም፤ ልክ አልነበረም ብሎ። እሱ አላጠፋም፤ ወንበሩን ሲረከብ ግን የወንበሩን ዕዳም ተረክቧል።

አንቺ ራስሽ በእጅሽ የሌለውን ቃል አትግቢ። ዕድገት አትስጪ፤ የአንቺ አይደለም። አበል አትስጪ። «ዓርብ ድረስ የዚህን መደርደሪያ ፋይል ጨርሰን ቁጥር እንሰጣለን» ማለት ግን ትችያለሽ። ዓርብ ሲደርስ ካለቀ አልቋል በይ። ካላለቀም ለምን እንዳላለቀ ተናገሪ። ላም አለኝ በሰማይ የሰለቸው ሰው መተማመን የሚጀምረው እንዲህ በትንሿ ነገር ነው። ባለጉዳይ የሚያይበት ሰሌዳ ካላችሁ፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም እዚያው ለጥፉት።

ጋሼን በሰው ፊት እንዳትናገሪው። እንኳን ባልደረባ፣ አለቃም ቢሆን ታላቁን አደባባይ ላይ አይገሥጽም፤ በእኛ አገር ነውር ነው። ቡና ጋብዢው። ከአቦሉ ጀምረሽ አትነዝንዢው፤ ጨዋታው ይሙቅ። ከዚያ «ጋሼ፣ ያሳለፍካቸው ለውጦች የት የት ላይ ነው የተሰበሩት?» በዪው። አንዳንድ ሹፈኛ ድሮ ከሁሉም በላይ የለፋ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዝርዝሩን ያወጣልሻል፤ የትኛው ቅጽ ለምን እንደማይሞላ፣ ሰልፉ የት ላይ እንደሚቆም ይነግርሻል። ያን ጊዜ ለአዲሱ ዕቅድ ከሥልጠናው የበለጠ ነገር ይዘሻል ማለት ነው። ያለውን ጽፈሽ፣ ከስሙ ጋር፣ ፈቃዱን ጠይቀሽ ለኃላፊው አቅርቢ። ጥያቄሽን በሳቅ ብቻ ከመለሰ ግን ሹፈቱ ተመችቶት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሌብነትን ጭምር ብልህነት የሚያስመስል ዓይነት ሰው ከሆነ፣ አክብሮቱን ሳታጓድዪ ከእሱ ሳቅ ራቂ። ሁሉንም ሰው የመመለስ ዕዳ የለብሽም።

ከሁሉም በፊት ግን ልጁን። ሰኞ ጠዋት ቢሆን ደስ ይለኛል። ቁጭ በሉና ታሪኩን ከነዝርዝሩ ንገሪው። ወለል ላይ ወረቀት መልቀማችሁን፣ ቃሉን፣ መታጠፉን። «ለማን ብዬ» ያልሽበት ምክንያት ይህ መሆኑን ይስማ። አትሸፋፍኚለት፤ ወጣት ሰው ሽፍንፍን ነገር ቶሎ ያውቃል። ከዚያ ያ በደል የእሱ እንዳልሆነ፣ የባለጉዳዩም እንዳልሆነ ንገሪው። ለጥቂት ቀን መስኮቱ ላይ አብረሽው ተቀመጪ። ፋይሉ በእጅ ያለ ጉዳይ በዚያው ቀን ይለቅ፤ ይህች ብቻ ደንባችሁ ትሁን። «ነገ ይምጡ» የሚባለው የምር የጎደለ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ ያም ምን እንደጎደለ በወረቀት ተጽፎ ለባለጉዳዩ ይሰጥ። የእኚያ እናት ስልክ ፋይሉ ላይ ካለ፣ ልጁ ራሱ ይደውልላቸው፤ ይቅርታም ይጠይቃቸው። ጉዳያቸው አልቆ ከሆነ ሲመጡ ተሰልፈው እንዳይቆሙ አድርጉ።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ ዛሬ አትጠይቂ እላለሁ። ቂሙን እንደያዝሽ ብትሄጂ አዲሱ ቢሮ ውስጥም የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያው ሳቅ ያመልጥሻል። ግን ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ታገሺ አልልሽም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር እዪ፦ የጻፍሽው ማስረጃ ማኅደርሽ ውስጥ ገባ ወይ? ኃላፊው በቀን ቆርጦ ከነገራችሁ ነገሮች ቢያንስ አንዱ ተፈጸመ ወይ? ሁለቱም ከሌሉ ሐምሌ ላይ ማመልከቻሽን አስገቢ። ያኔ ያለ ሐፍረት ሂጂ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «በግል ጉዳይ» ብለሽ አትጻፊ፤ የሠራሽውንና የተገባልሽን ቃል ጻፊ፤ የማስረጃውንም ቅጂ አያይዢ።